ሚሊሜትር እና የተጨናነቁት ኖታዎች

እህቴን ሰፈሩ ሁሉ «ሚሊሜትር» ነው የሚላት። እውነተኛ ስሟን የምናውቀው እኔና መታወቂያዋ ብቻ ነን ብል አላጋነንኩም። ስሙን ያወጣላት አናጢው ነው። የመኝታ ቤታችንን በር ሊገጥም መጥቶ፣ ገጥሞ ጨርሶ፣ ዕቃውን ሰብስቦ ሊወጣ ሲል «ከላይ በኩል ወደ ግራ አንድ ሚሊሜትር ዘሟል» አለችው። ሰውዬው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ማስመሪያ አምጥታ ለካች፤ አንድ ሚሊሜትር ከሩብ ሆኖ ተገኘ። «እህትሽ ሰው ናት ወይስ መለኪያ?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ። ስሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጣብቆባት ቀረ። እሷም ወዳዋለች፤ ስልክ ስታነሳ እንኳ «አቤት፣ ሚሊሜትር ነኝ» ትላለች። እኔ በስድስት ዓመት ስለምትበልጠኝ «እትዬ ሚሊ» እላታለሁ፤ ስንጣላ ደግሞ ሌላም ሌላም እላታለሁ።

የምንሠራው አንድ ማተሚያ ቤት ነው። እኔ ጠራዥ ነኝ፦ አጥፋለሁ፣ እሰፋለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እቆርጣለሁ። እሷ የሙዚቃ ኖታ ለኅትመት ታሰናዳለች። በማተሚያ ቤታችን ደብዳቤና የጥሪ ካርድ የሚያሰናዳ ሞልቷል፤ ኖታ የሚችል ግን እሷ ብቻ ናት፤ ይህንንም ለአንድ ሰው ሳትነግር አትውልም።

የተቀጠረችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ የማሽኑን ሮለር ከቀለም ለማጽዳት ነበር። ያኔ ኖታ በእጃቸው የሚጽፉ አንድ አዛውንት ነበሩ። አምስት ጥርስ ያለውን ብዕራቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ አንዴ ሲስቡት አምስቱ መስመር ባንድ ጊዜ ይወጣል። እህቴ የቀለም ጨርቋን እንደያዘች ከኋላቸው ቆማ ስታይ፣ ስታይ ከረመችና አንድ ቀን «እዚህ ጋ ያሉት ኖታዎች ተጨናንቀዋል» አለቻቸው። እኔ ብሆን በማስመሪያው ነበር የምላት። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋትና «ስለ ሙዚቃ ምን ታውቂያለሽ?» አሏት።

«ስለ ሙዚቃ ምንም። ስለ መጨናነቅ ግን ይጠይቁኝ፤ ስምንት ሆነን ባንድ ክፍል ነው ያደግነው።»

በሳምንቱ ከሮለሩ ተነሥታ እሳቸው አጠገብ ተቀመጠች።

ከእሳቸው የተማረችውን መቶ ጊዜ ነግራኛለች፤ ጆሮዬ ጠግቧል። እናንተ ግን አንዴ መስማት አለባችሁ፤ አለዚያ ወሬዬ አይገባችሁም። ኖታ ላይ ቦታ ማለት ጊዜ ነው። ረጅም የሚያዝ ድምፅ ከኋላው ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ ቶሎ ቶሎ የሚያልፉት ተጠጋግተው ይቆማሉ። ተጫዋቹ ቁጭ ብሎ አይቆጥርም፤ ዓይኑ ክፍተቱን ያያል፣ እጁ ይታዘዛል። ክፍተቱ ከዋሸ እጅ ይሳሳታል። ሌላው ቅርጹ ነው። ሆዱ ባዶ የሆነ ኖታ አለ፣ ሆዱ በቀለም የተሞላ ኖታ አለ፤ ባዶው የሞላውን እጥፍ ይቆያል። «የጠገበው ይሮጣል፣ ሆዱ ባዶ የሆነው ረግቶ ይቆማል። ሰው ላይ ሲሆን የተገላቢጦሽ ነው» ትላለች እህቴ፣ በራሷ ቀልድ ቀድማ እየሳቀች።

ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ አዛውንቱ አርፈው ነበር። አለቃችን ሣጥኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ «ከእንግዲህ ይኼ ነው የሚሠራው» ሲላት አርባ ዓመት አልፏታል። ሁሉም ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ። እሷ እቴ! «በሉ እንግዲህ፣ ማን ማንን እንደሚያስተምር እናያለን» ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። በሁለት ወሩ ከሌላ ከተማ ስልክ እየደወሉ የሚጠይቁት እሷን ሆነ። ጉረኛ ናት፤ ግን ጉራዋ ውሃ የሚያነሳ ጉራ ነው። ከእሷ እጅ የወጣ ወረቀት አንድም ቀን ተመልሶ መጥቶ አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ።

የከተማችን ኮረስ አርባኛ ዓመቱን ሊያከብር ተነሣ። ኮረሱ የአስተማሪ፣ የልብስ ሰፊ፣ የጡረተኛ ነርስ፣ የጥርስ ሐኪም ስብስብ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ተሰብስበው ይዘፍናሉ። ለበዓሉ በፒያኖ የሚታጀብ አዲስ ረጅም መዝሙር ተደረሰላቸውና በእጅ የተጻፈው ኖታ ለኅትመት ወደ እህቴ መጣ። ከኖታው ጋር አንድ አደራም መጣ፦ «ዓይናችን ደክሟል፤ የግጥሙ ፊደል ወፈር፣ ሰፋ ይበልልን።» እሷም ወፍራምና ሰፊ ፊደል መረጠች።

ፊደሉ ሲሰፋ ቃላቱ ቦታ ጠየቁ። ፕሮግራሙ ደግሞ ታዛዥ ነው፤ ለቃላቱ ቦታ ሊሰጥ ከላያቸው ያሉትን ኖታዎች ገፋ ገፋ አደረጋቸው። ስምንት ገጽ የነበረው ዘጠኝ ሆነ። የእኔ ምላስ የገባችው እዚህ ላይ ነው። አንድ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሆናል፤ ሁለት ወረቀት ስምንት። ዘጠነኛ ገጽ ማለት ሦስት ገጹ ባዶ የሚቀር ሌላ ወረቀት ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ባዶ ገጽ ያለው ነገር ስጠርዝ ያመኛል።

«እትዬ፣ ዘጠኝ ገጽ አላጥፍም! ጨምቂው!» አልኳት።

«ይጨመቃል?»

«ኮምፒውተር ነው፣ ምን ይሳነዋል?»

ጨመቀችው። በመላው ገጽ ላይ የኖታውን ክፍተት አጠበበች፣ ኖታዎቹንም አሳነሰቻቸው። ከዚያ ኖታ በኖታ ከእጅ ጽሑፉ ጋር አስተያይታ አረመችው፤ አንድም የተሳሳተ ኖታ የለም። ታተመ፣ አጠፍኩት፣ ሰፋሁት። ያምር ነበር። ያምር ነበር አልኩ እንጂ ልክ ነበር አላልኩም።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ልብስ ስፌት ሱቅ ያላት የጋሼ ፔዳል ልጅ ማስታወቂያ ልታሳትም መጣች። ጋሼ ፔዳል ማለት ኮረሱን ሠላሳ አንድ ዓመት በፒያኖ ያጀቡት ሰው ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ምሳ ሲበሉ እንኳ የፒያኖ መርገጫ እንደሚረግጡ ሁሉ ጠረጴዛ ሥር ቀኝ እግራቸውን ከፍ ዝቅ ስለሚያደርጉ ነው። ልጅቷ በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ለእህቴ ሰጠቻት፦ «ፒያኖ ይሸጣል። በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ።»

«የማን ፒያኖ?» አለች እህቴ።

«የአባዬ።»

«ጋሼ ፔዳል ፒያኖ ይሸጣሉ? ምነው፣ ምን ነካቸው?»

ልጅቷ መጀመሪያ ልትደብቅ ሞከረች፤ ከዚያ ዘረገፈችው። አባቷ አዲሱ መዝሙር ላይ ይደናቀፋሉ። ሦስት ወር ሙሉ ተለማመዱ፣ ሦስት ወር ሙሉ ተደናቀፉ። የኮረሱ መሪ ትዕግሥቱ አልቆ አንድ ወጣት ፒያኒስት አምጥቷል። ቅዳሜ በአራት ሰዓት ኮሚቴው ሁለቱንም ሰምቶ አንዱን ይመርጣል።

«አባዬ ግን ቅዳሜን አልጠበቀም፤ በልቡ ራሱን አሰናብቷል። 'ያረጀ ሰው ወንበር አያሞቅም' ብሎ ፒያኖውን ከቤት አስወጪልኝ አለኝ» ስትል ድምጿ ተሰበረ።

አንጀቴን በላችው። እህቴ ብጣሹን ወረቀት አጥፋ ኪሷ ከተተችና «ማሽኑ ተበላሽቷል፤ ሰኞ ተመለሺ» አለቻት። ማሽኑ ከጀርባችን ግጭ ግጭ እያለ ነበር። ልጅቷም ሰምታዋለች፤ ማሽኑን አየት አድርጋ ወጣች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አለቃችንን አስፈቅደን ልምምድ ልናይ ሄድን። አዳራሹ የፕላስቲክ ወንበር የተደረደረበት ሰፊ ክፍል ነው፤ ፒያኖው መስኮቱ ሥር ቆሟል፣ አንዱ እግሩ በጣውላ ተደግፎ። ከኋላ ተቀመጥን። ጋሼ ፔዳል ጀርባቸውን ሰጥተውናል፤ ሸሚዛቸው በላብ ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል። መዝሙሩ ጥሩ ጀመረ። ሠላሳ አንደኛው ባር ላይ ሲደርሱ ተሰናከሉ። ባር የሚሉት በሁለት ቁም መስመሮች መካከል ያለውን ክፍል ነው፤ መጠጥ ቤት እንዳይመስላችሁ።

«ጋሼ፣ ከሠላሳ ጀምረን እንደገና» አለ መሪው፣ በእርሳሱ ከፊቱ ያለውን አትሮንስ እየመታ።

እንደገና። ተሰናከሉ። እንደገና። ከፊታችን የተቀመጡት ሴትዮ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው «እርጅና ነው፤ ምን ይደረግ» አሉ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ልመልስላቸው አፌን ስከፍት እህቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ዘፋኞቹንም ስሚያቸው» አለችኝ በሹክሹክታ። «እነሱም እዚያው ጋ ይሮጣሉ። ቀጥሎ ደግሞ ሁሉም ይጎተታሉ። ሠላሳ ሰው ባንድ ቀን ያረጃል እንዴ?»

ከባዶ ወንበር ላይ አንድ ቅጂ አነሣች። ከቦርሳዋ ማስመሪያ አወጣች። ሠላሳ አንደኛውን ባር ለካች፣ ቀጣዩን ለካች፣ ተመልሳ የመጀመሪያውን ለካች። ከዚያ ማስመሪያውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ክው ብላ ቀረች። እጄን ይዛ ወደ በሩ ጎተተችኝ።

ውጭ በረንዳው ላይ ስንደርስ «እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑ?»

«አላየሽም? ሠላሳ አንደኛው ላይ ዘፋኞቹ አንዲት አጭር ቃል ይዘው ይቆያሉ፤ ከሥራቸው ፒያኖው አሥራ ስድስት ፈጣን ኖታ ይጫወታል። ቃሏ አጭር ስለሆነች ቦታ አልጠየቀችም። ስጨምቀው ጭምቁ በሙሉ እዚያ ላይ ወደቀ። አሥራ ስድስቱ እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ ተፋፍገዋል። ቀጥሎ ረጃጅም ቃላት አሉ፤ እነሱ ላይ ደግሞ አራት ኖታ ብቻ እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል። ሻርፕ የሚባለውን ምልክት እዪ! ድምፁን ከፍ ማድረግ ያለበት ከፊቱ ላለው ኖታ ነው፤ ከኋላው ባለው ላይ ተለጥፎ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ባዶ ሆድ የነበሩትም ስላሳነስኳቸው ቀለም ሞልቷቸዋል፤ የሚቆየውና የሚሮጠው ተቀላቅሏል። ኖታው ሁሉ ልክ ነው። ወረቀቱ ግን ከላይ እስከ ታች ይዋሻል።»

እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ፤ አልደብቃችሁም። «እሺ፣ በዝምታ እናስተካክለውና አዲስ ቅጂ እንላክላቸው። ማን ያውቃል?» አልኳት።

«ዝም ልበል? ሰውየው ከሠላሳ አንድ ዓመት ወንበራቸው ሊነሡ ነው፤ እኔ ስሜን ላድን?»

«ስምሽ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ቦታ የሚያሠሩሽ ሲሰሙ...»

«ይስሙ! ከሰው ስህተት፣ ከብረት ዝገት አይጠፋም። የማስተካክለውም እኔው ነኝ፤ ከእኔ የተሻለ ካለ ያምጡት።»

ትከሻዬን መታ አድርጋኝ ወደ ሥራ ነዳችኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ሰምታ ይሆናል፤ ይህን ወረቀት ግን ልታስለቅቀው ቆርጣ ነበር። እኔም በመንገድ ላይ «ዘጠኝ አላጥፍም» ያልኩበት አፌ እየከነከነኝ ሄድኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ሐሙስና ዓርብን ከጠረጴዛዋ አልተነሣችም። መጀመሪያ ግጥሙን በሙሉ አነሣችው፤ ኖታዎቹ ብቻቸውን፣ በየጊዜያቸው ልክ ቦታቸውን እንዲይዙ። ከዚያ በኋላ ቃላቱን ከሥራቸው አስገባች፣ እንደ እንግዳ፤ ቤቱ የኖታዎቹ ነውና። ፊደሉን ወፍራምነቱን ሳትነካ ጎኑን አጠበበችው፤ ሽማግሌዎቹ እንዲያነቡት፣ ኖታውንም እንዳይገፋ። ረጃጅሞቹን ቃላት ጥቂት በጥቂቱ ወደ ግራ ሳበቻቸው። ሻርፖቹን ከጎረቤቶቻቸው አላቀቀች። የባዶዎቹን ሆድ ከፈት አደረገችና አንድ ገጽ አሳትማ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቃ፣ በማጉያ መነጽር አየችው። አሁንም ትንሽ ጠቧል። እንደገና ከፈተችው። ሦስተኛው ላይ «እሰይ» አለች።

ሁሉም ልክ ሲሆን ግን ገጹ ዘጠኝ ሆነ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ታፈጪብኛለሽ? ዘጠኝ ከሆነ ዘጠኝ ነው» አልኳት። ስምንቱን አጥፌ ሰፋሁና ዘጠነኛውን ቅጠል በሙጫ ከጎን ለጠፍኩት፤ ሲዘረጋ ከስምንተኛው ገጽ አጠገብ ይውላል። እንዲያውም ፒያኖ የሚጫወተው ሰው መጨረሻው ላይ ገጽ መግለጥ ቀረለት። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ብቻ ናት እንዴ የምትጎርር?

ቅዳሜ በአራት ሰዓት ኮሚቴው ከፊት ተደርድሯል፤ ኮረሱ ቆሟል። ወጣቱ ፒያኒስት ሰዓቱን እያየ ይንቆራጠጣል፤ ጋሼ ፔዳል በልጃቸው ልመና መጥተው ጥግ ላይ ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠዋል። መሪው ሊጀምር ሲል እህቴ ተነሣች።

«ከመጀመራችሁ በፊት» አለች፣ ድምጿ ከጥግ ጥግ ተሰማ። «ይህን ኖታ ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። አበላሽቼዋለሁ።»

መሪው ፈገግ አለ፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ግን ቸኩሏል። «እትዬ፣ እኔ ከደራሲው የእጅ ጽሑፍ ጋር አስተያይቼዋለሁ፤ አንድም ስህተት የለውም።»

«ኖታው የለውም። ክፍተቱና ቅርጹ ግን አለው።»

«ክፍተት ሰው ያደናቅፋል?» አለ። «ይኼ ልጅ እኮ ተጫውቶታል፤ አንዴም አልተሳሳተም።»

«ከየትኛው ወረቀት ነው ያጠናው?»

ልጁ ነው የመለሰው፦ «መሪው ከሚመራበት፣ ከእጅ ጽሑፉ ቅጂ።»

«በል ና፣ ወንድሜ። አንዴ ከእኔ ወረቀት ተጫወትልኝ። የእጅ ጽሑፉን እርሳው፤ ያየኸውን ብቻ ተጫወት።»

ልጁ እሺ ባይ ነው፤ ተቀመጠ። እየሮጠ መጣ፣ መጣ፣ ሠላሳ አንደኛው ላይ ሲደርስ ሻርፑን ለተሳሳተው ኖታ ሰጠው፣ ጣቶቹ ተደራረቡ፣ ቆመ። ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ አስጠጋው። «ይኼ የማን ነው?» አለ፣ ሻርፑን እየጠቆመ። ኮረሱ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። ልጁም ራሱ ሳቀ። መሪው ግን አልሳቀም፤ መጥቶ በልጁ ትከሻ ላይ ገጹን ለረጅም ጊዜ አየውና «እኔ ከዚህ ወረቀት መርቼ አላውቅም» አለ ቀስ ብሎ። እርጅና ነው ያሉት ሴትዮ ጫማቸውን ያዩ ነበር።

እህቴ አዲሱን ቅጂ ለኮረሱ አደለችና አንዱን ፒያኖው ላይ ዘረጋችው። «ጋሼ፣ እባክዎ።»

ጋሼ ፔዳል ለመነሣት ጊዜ ወሰደባቸው። ኮታቸውን አወለቁ። ገጹን ከላይ እስከ ታች አዩትና ጀመሩ። ሠላሳ አንደኛው ባር ደረሰ። አሥራ ስድስቱ ኖታዎች ጠርረር ብለው ወረዱ፤ ኮረሱ ቃሏን ይዞ እስከ መጨረሻው ረጋ ብሎ ቆመ፤ ሠላሳ ሁለት ገባ፣ ሠላሳ ሦስት ገባ። ልጃቸው በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። መጨረሻው ላይ ገጽ የሚገለጥበት ቦታ ሲደርሱ እጃቸው ሳይነሣ አለፉት፤ ይኼኔ እኔ የማላውቃቸውን ሰውዬ ጎሸም አድርጌ «የእኔ ሥራ ነው» አልኳቸው።

ኮሚቴው ለመምከር አልወጣም። ወጣቱ ፒያኒስት ኮቱን አንሥቶ «እኔ ገጽ ልገልጥላቸው እመጣለሁ፤ እሱም አያስፈልጋቸውም እንጂ» ብሎ ነገሩን ጨረሰው። መሪው ወደ ጋሼ ፔዳል ሄዶ እጅ ነሣ፤ ሰዉ ሁሉ ሲያጨበጭብ የተናገረው አልተሰማኝም።

ጭብጨባው ሲያልቅ ጋሼ ፔዳል ከወንበሩ አልተነሡም። እህቴ ቀርባ አጠገባቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

«ወረቀቱን አንድ ቀን ጠርጥሬው ነበር» አሉ፣ ቀና ብለው ሳያዩዋት። «ሁለተኛው ሳምንት ላይ። ከዚያ ጀርባውን ገልብጬ ያሰናዳው ማን እንደሆነ አነበብኩ። አንቺ ነሽ። እሷማ አትሳሳትም አልኩ። ወረቀቱን ተውኩና በእነዚህ ፈረድኩባቸው።»

ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት። የጣቶቻቸው አንጓ አብጧል፤ ሦስት ወር ቀን ከሌት ሲደበድቡበት የከረሙት እንጨት ያሳበጠው ነው።

«እኔን ተዪኝ፤ እኔ ምንም አልሆንኩም። የሰደብኩት እነዚህን ነው። ሙታን ናችሁ፣ አሳፈራችሁኝ፣ ያልኳቸው የለም። ይቅርታውን ለእነሱ በያቸው።»

እህቴ ጎንበስ ብላ እጆቻቸውን ያዘችና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ፣ አሥሩንም፣ «ይቅርታ» እያለች ሳመቻቸው። እኔም ከኋላዋ ቆሜ ተራዬን ጠበቅሁ።